አንቀልባ ወይስ ጋሪ? ለጎንደር ዳገት

ወንድሜ ከአዲስ አበባ የሕፃን ጋሪ ላከልኝ። እናቴ አይታው ሳቀችና «ልጄ፣ ይኼን በየትኛው መንገድ ልትገፊው ነው?» አለችኝ።

ዋጋ፦ አንቀልባ ርካሽ ነው፣ ከእህት ለእህትም ይተላለፋል። ጋሪ ውድ ነው።

መንገድ፦ ከፒያሳ ወጣ ስትዪ ዳገትና ኮብልስቶን ነው። ጋሪው ይንገጫገጫል፣ አጣጥፎ ባጃጅ ላይ መጫኑም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በጥምቀት ግፊያማ ጋሪ ይዞ መውጣት እብደት ነው!

ለልጁ፦ የታዘለ ልጅ ሙቀትሽን ያገኛል፣ ስትራመጂም እንቅልፍ ይወስደዋል። ግን አንገቱ ያልጸና ጨቅላ ጀርባ ላይ አይታዘልም። ደረትሽ ላይ አድርጊው፣ ፊቱ ሳይሸፈን፣ አገጩም ደረቱ ላይ ሳይጣበቅ ትንፋሹን እያየሽ። እግሮቹ ተገጥመው አይታሰሩ፤ ከፈት ብለው ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ሲል ለዳሌው ጥሩ ነው። ጋሪው ወዳንቺ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ዓይን ለዓይን እያያችሁ ታወራላችሁ፣ ይኼም አይናቅም።

ለአንቺ፦ ወገብሽን የሚያምሽ ከሆነ ወይም በቅርቡ በኦፕራሲዮን ከወለድሽ፣ ሜዳ ሜዳውን በጋሪ።

ገበያና ቤተ ክርስቲያን ከሆነ እዘይው። ድክ ድክ ማለት ጀምሮ «ልውረድ» ካለሽ ግን አውርጂው፣ በሱ እርምጃ ሂዱ። እኛ እንዲህ ስንሄድ አንድ ቅዳሜ ገበያው ተበትኖ ጠበቀን።