ቅድመ ክፍያ ወይስ የሁለት ዓመት ውል?

የሞባይል አጠቃቀሙ ከወር ወር ለሚለያይ ሰው ቅድመ ክፍያ፣ ማለትም ካርድ እየሞሉ መጠቀም፣ ይሻላል። የውሉ ዋና ማባበያ ቀፎው ነው፤ «በነጻ» የተባለው ስልክ ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ በወርሃዊው ሂሳብ ውስጥ ተሸጉጧል። ወርሃዊውን ክፍያ በ24 ያባዙና ቀፎውን ራስዎ ገዝተው ካርድ ቢሞሉ ከሚያወጡት ጋር ያስተያዩት። ውል ሲቋረጥ የሚጠየቀውን ቅጣትም ይደምሩበት።

ቀፎው ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ ያልተቆለፈ መሆኑን ለማወቅ የሌላ ኩባንያ ሲም ከተው ይደውሉ። *#06# ሲጫኑ የሚወጣውን ባለ15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ይዘው ስልኩ በአዲሱ ኔትወርክ ይሠራ እንደሆነ ኩባንያውን ይጠይቁ። የቆዩት የ2ጂ እና የ3ጂ ኔትወርኮች በተዘጉበት አገር፣ ድምፅን በ4ጂ የማያስተላልፍ ቀፎ ኢንተርኔት እየሠራለት ጥሪ እምቢ ይላል።

የቅድመ ክፍያ ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ጥቅሉ ሲያልቅ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ዳታውን ከመዝጋት ይልቅ ከዋናው ሂሳብ በመደበኛ ታሪፍ መቁረጥ ይጀምራሉ፤ ሌሊት ራሳቸውን የሚያድሱ አፕሊኬሽኖች የቀረውን ጠራርገው ይበሉታል። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ የዳታ ገደቡን ከጥቅሉ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መሙላት ይህን ያስቀራል። ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት ቁጥር ደግሞ ሊዘጋ፣ ከዚያም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ባንክዎ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በዚያው ቁጥር ከሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ቁጥርዎን ይዘው ከውል ሲወጡ፣ ዝውውሩ ሳያልቅ የድሮውን መስመር አያዘጉ። ከተዘጋ በኋላ ቁጥሩን ማዛወር አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።