ሊኑክስ ሚንት ከወራት በኋላ፣ ወደ ዊንዶውስ ስመለስም ሃርድ ዲስኩን ያዘጋጀሁበት መንገድ

ላፕቶፔ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ሲስተም ተጭኖ ከመስከረም እስከ ሰኔ ሠርቼበታለሁ። ሥራዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ የነጋዴ ሒሳብ እይዛለሁ፣ ደብዳቤና ውልም እጽፋለሁ። ማሽኑ ኮር አይ5 ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራ፣ ያውም ፈጣኑ ኤስኤስዲ ሳይሆን የሚሽከረከረው ዓይነት። አሁን ወደ ዊንዶውስ ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል። ስለ ሁለቱም እጽፋለሁ። በደንብ መቆየት የምፈልገው ግን በመሃል ባለው ነገር፣ በዲስኩ ዝግጅት ላይ ነው። ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ፋይል የሚያጣው እዚያ ነው።

ሚንትን ወድጄዋለሁ። ይህ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 እያለው፣ ከተከፈተ በኋላም ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዞ ይቆይ ስለነበር አንድ ዶክመንት ለመክፈት መጠበቅ ግድ ነበር። ሚንት ሲገባበት ሌላ ማሽን ሆነ። ሌላው ትልቅ እፎይታ ፍላሽ ነው። ደንበኛ ይዞት ከሚመጣው ፍላሽ ብዙው የሾርትከት ቫይረስ አለበት። ፎልደሩ ሁሉ ተደብቆ በቦታው ሾርትከት ብቻ ይታያል። ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሚንት ላይ አይነሳም፤ የተደበቀው ፎልደርም እንዳለ ይታያል። ሾርትከቱን አጥፍቼ፣ ፍላሹን አጽድቼ እመልስላቸው ነበር።

አማርኛ መጻፍም አልቸገረኝም። ኪቦርዱን አንዴ መጨመር ብቻ ነው። ችግሩ ከሰው የሚመጣ ዶክመንት ነው። በኒያላ ፎንት የተጻፈ ውል ሲመጣ፣ ሚንት ላይ ኒያላ ስለሌለ በሌላ ፎንት ይተካል። መስመሩ ይሰፋል፤ የምስክሮች ፊርማ ቦታ ተንሸራቶ ወደሚቀጥለው ገጽ ይወርዳል። ውል ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ፎንቱን አምጥታችሁ እስክትጭኑት ድረስ የሚታየው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ነው።

ወደ ዊንዶውስ ያስመለሰኝ ግን ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ኮምቦልቻ ያሉ ደንበኞቼ ሒሳባቸውን የሚይዙት በእሱ ነው። ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ሲሆን ከሥሩ የራሱ የዳታቤዝ አገልግሎት መነሳት አለበት። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን አልሄደልኝም። ሚንት ውስጥ ዊንዶውስን እንደ ሌላ ማሽን በሚያስነሳው በቨርቹዋል ቦክስ ሄዷል፤ ግን 8 ጊጋ ራም ለሁለት ተካፍሎ፣ ሁለቱም አንድ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ሲሻሙ አንድ ሪፖርት ማውጣት ትዕግሥት ይጨርሳል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ ግብር ሲመጣ እንዲህ መሥራት አይቻልም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃና ማሽኔም ለዊንዶውስ 11 የሚጠየቀውን ስለሚያሟላ 11ን መረጥኩ።

ወደ ዲስኩ እንምጣ። መጀመሪያ ያየሁት ጤንነቱን ነው። ሚንት ላይ "ዲስክስ" የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበው የስማርት መረጃ አለ። እዚያ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮች፣ ማለትም የዲስኩ ትንንሽ ቁራጮች፣ እና ገና በጥርጣሬ የተያዙ ሴክተሮች። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ጥሩ ነው። የሁለተኛው ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ያንን ዲስክ ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ መጠቀም አይገባም። ፋይሉን አውጥቶ ዲስኩን መቀየር ነው። ረጅሙ ምርመራ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ ከፍቶ መተው ይሻላል።

ቀጥሎ ባክአፕ። ዊንዶውስ ኤክስት4 የሚባለውን የሊኑክስ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይል በዲስኩ ላይ የሚደራጅበትን ዘዴ፣ ማንበብ አይችልም። በኤክስት4 የተዘጋጀ ኤክስተርናል ዊንዶውስ ላይ ብትሰኩ "ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉ" የሚል ጥያቄ ሊመጣባችሁ ይችላል። እሺ ካላችሁት ፋይላችሁ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ባክአፑ የሚቀመጥበት ኤክስተርናል ሁለቱም በሚያነቡት መዘጋጀት አለበት። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የቨርቹዋል ቦክስ ፋይሌ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ከቀሩት ሁለት ፋይል ሲስተሞች፣ ከዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስና ከኤክስፋት፣ እኔ ኤክስፋትን መረጥኩ። ምክንያቴ የፋይል ስም ነው።

ዊንዶውስ ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ፣ ጥያቄ ምልክት፣ ኮከብና መሰል ምልክቶችን አይቀበልም። ሊኑክስ ይቀበላል። "ስካን 10:30" እና "ቫት ተከፍሏል?" የሚል ስም የሰጠኋቸው ፋይሎች ነበሩኝ። ሚንት ወደ ኤንቲኤፍኤስ ሲገለብጣቸው ዝም ብሎ ሊያሳልፋቸው ይችላል፤ በኋላ ዊንዶውስ ላይ አልከፈትም ይላሉ። ኤክስፋት ላይ ግን እዚያው ኮፒ ስታደርጉ ስህተት ይላል። ያኔውኑ ስሙን ቀይራችሁ ትቀጥላላችሁ። በትልቅና በትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች አንድ ፎልደር ውስጥ ካሉም ተጠንቀቁ። ሊኑክስ ሁለት ፋይል ናቸው ይላል፤ ዊንዶውስ አንድ ናችሁ ይላቸዋል።

የተደበቁትንም አትርሱ። ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ በነጥብ የሚጀምሩ ፎልደሮች ይወጣሉ። የተንደርበርድ ኢሜይል፣ የፋየርፎክስ ቡክማርክና የይለፍ ቃል ያሉት እዚያ ነው። የተንደርበርዱ ፎልደር ዊንዶውስ ላይ እንዳለ ይሠራል፤ የዓመት ደብዳቤዬ በሙሉ ተሻግሯል።

ኮፒው ሲያልቅ ኤክስተርናሉን የጓደኛዬ ዊንዶውስ ላይ ሰክቼ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይሎችን ከፈትኩ። የፎልደሩን መጠን ማየት ብቻ አይበቃም። ፋይሉ ተከፍቶ መነበብ አለበት።

አሁን ትንሽ ቴክኒካል ነገር። ዲስክ የክፍፍሉን ካርታ የሚይዝበት ሁለት ዘዴ አለ፤ አሮጌው ኤምቢአር፣ አዲሱ ጂፒቲ። ሚንትን የጫነልኝ ልጅ ባዮሱን (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ፕሮግራም) ሌጋሲ በሚባለው በአሮጌው አነሳስ ላይ አድርጎ ስለነበር ዲስኬ ኤምቢአር ነበር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን አነሳስ ይፈልጋል፤ በዩኢኤፍአይ የሚጫን ዊንዶውስ ደግሞ ጂፒቲ ካልሆነ ዲስክ ላይ አይቀመጥም። ብዙ ሰው "ዊንዶውስ በዚህ ዲስክ ላይ ሊጫን አይችልም" የሚለው መልእክት ሲመጣ ዲስኩ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ ካርታው ነው ያልገጠመው። ዊንዶውስ የሚጫንበትን ፍላሽም ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ስታዘጋጁ ጂፒቲና ዩኢኤፍአይ የሚለውን ምረጡ።

ከዚህ በፊት አንድ ነገር፦ ኤክስተርናሉን ንቀሉት። ደግሜ እላለሁ፣ ንቀሉት። የዲስክ ዝርዝር ሲወጣ የሚያሳያችሁ ቁጥርና መጠን ነው። የእኔ የውስጡም የውጭውም 1 ቴራ ስለሆኑ ሁለቱም 931 ጊጋ ሆነው ነው የሚታዩት። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። ባክአፑ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ምንም ብታዙ አይነካም።

ከዚያ ከፍላሹ ተነስቶ የመጫኛው ገጽ ሲመጣ ሺፍትና ኤፍ10 ስትጫኑ ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል። ዲስክፓርት፣ ሊስት ዲስክ፣ ሰሌክት ዲስክ 0፣ ክሊን፣ ኮንቨርት ጂፒቲ፤ በዚህ ቅደም ተከተል፣ በእንግሊዝኛ እየጻፋችሁ ኢንተር በሉ። ቁጥሩ የእናንተ ማሽን ላይ 0 ላይሆን ስለሚችል መጠኑን አይታችሁ ምረጡ። ክሊን ሰከንዶች ብቻ ነው የሚወስደው፤ ካርታውን እንጂ ውስጡን አይጠርገውም። ላፕቶፑን ልትሸጡት ከሆነ ክሊን ኦል ነው የሚባለው። እሱ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ስለሚሞላ 1 ቴራ ላይ ሰዓታት ይቆያል፤ መብራት በሚሄድበት ቀን ባትጀምሩት ይመረጣል። ሊኑክሳቸው በዩኢኤፍአይ የተጫነላቸው ሰዎች ዲስኩ ከጸዳ በኋላም ባዮሱ ዝርዝር ውስጥ "ኡቡንቱ" የሚል ስም ሊያዩ ይችላሉ። ሚንትም በዚያ ስም ነው የሚመዘገበው። ዊንዶውስን ከላይ ማድረግ ይበቃል።

ክፍፍሉን እንዲህ አደረግኩት። ዊንዶውሱ ለሚቀመጥበት ክፍል፣ ለሲ፣ 200 ጊጋ፣ ማለትም 204800 ሜጋ ባይት። ዊንዶውስ ራሱ ለማስነሻና ለመሳሰሉት ትንንሽ ክፍሎች ይሠራል፤ አትንኳቸው። ለዲ 500 ጊጋ በኤንቲኤፍኤስ፣ የደንበኛ ፋይል ሁሉ እዚያ። የቀረውን ባዶውን ተውኩት። ከአሁን በኋላ ዊንዶውስ ቢበላሽ ሲ ብቻ ፎርማት ይደረጋል፤ ዲ አይነካም።

እንደገባሁ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት። ሚንት የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጠዋል፤ ዊንዶውስ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። የእኛ ልዩነት ሦስት ሰዓት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ሰዓቱ ያለበት ገብታችሁ ሲንክ ናው ስትሉት ይስተካከላል። ኒያላም ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር አብሮ አልመጣም። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን አውርዱ።

ከወራት በኋላ ፍርዴ ይኸው ነው። ፒችትሪ በሚፈለገው ፍጥነት ይሄዳል፣ ውሎቹ በቦታቸው ይታተማሉ። ማሽኑ ግን እንደ ሚንቱ ቀልጣፋ አይደለም። ዊንዶውስ 11ን በሚሽከረከር ዲስክ ማንም እንዲጠቀም አልመክርም፤ ሲ መሆን ያለበት ኤስኤስዲ ላይ ነው፣ ቀጣዩ ግዢዬም እሱ ነው። ሥራው ደብዳቤ፣ ኢንተርኔትና ፒዲኤፍ ብቻ ለሆነ ሰው ደግሞ ሚንትን ዛሬም እጭንለታለሁ።

ባዶ የተውኩት 230 ጊጋ ገደማ ቦታ ለሚንት ነው፤ ከዊንዶውስ ጎን መልሼ አስገባዋለሁ። እንደዚያ ለምታደርጉ፣ ዊንዶውስ ላይ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉት። እሱ እያለ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሚንት ዲን ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፤ የጻፋችሁትን እዚያ ማስቀመጥ አትችሉም።