የአያቴን ብርድ ልብስ ላነበቡልኝ ሴት

እኚህን ሴት በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። ስማቸው እንዳይነሳ ስላሉኝ አላነሳውም። አሮጌ ጨርቅ ይመረምራሉ፣ ይጠግናሉ፣ የባለቤቶቹን ታሪክ ደግሞ ከድሮ መዝገብ ያፈላልጋሉ። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ከአያቴ የወረስነው ብርድ ልብስ አለን። ከጨርቅ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ በእጅ የተሰፋ፣ መሃሉ ጥጥ ያለበት። ማን ሰፋው ሲባል መልሱ ሁሌም "አያታችሁ" ነበር።

እሳቸው ጋ እስክደርስ ያየሁትን አይጣል ነው። አንዱ ገና ከፌስታሉ ሳላወጣው "ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፣ ሽጪልኝ" አለኝ። ሌላው ላጽዳልሽ ብሎ ወሰደው፤ ሲመልሰው ቡናማዎቹ ቁራጮች እጄ ላይ ብን አሉ። ይቅርታ እንኳ አልወጣውም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሦስተኛው ገንዘቤን ተቀብሎ፣ ስም ስለተመሳሰለ ብቻ የማላውቀውን ቤተሰብ የዘር ሐረግ አስታቀፈኝ።

እኚህ ሴት እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጭ አንሶላ አነጠፉ፣ ቀስ ብለው ዘረጉት። ዕድሜው የሚለካው ከሁሉም በአሮጌው ቁራጭ ሳይሆን በአዲሱ ነው አሉኝ፤ ሰው ቁርጥራጭ ለዓመታት ያጠራቅማላ። ሰው ሠራሽ የጨርቅ ቀለም የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ነው፤ የእኛው ላይ ደግሞ አለበት። የሁለት መቶ ዓመቱ ወሬ እዚያው አበቃ። ቡናማውን የበላው በድሮ ማቅለሚያ ውስጥ የሚገባው ብረት ነው፤ እጥበቱ አባሰው። ሌላም ብዙ አስረዱኝ፣ ግማሹ አልገባኝም።

ከዚያ መብራቱን አጠፉና የእጅ ባትሪ ከጎን አበሩበት። ጠርዙ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር፣ ሁለት ፊደል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ኖራ አይታው አታውቅም! ፊደሎቹ ግን የአያቴ ስም አልነበሩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወሉ። "እናትሽ አጠገብሽ ካሉ ቁጭ ይበሉ" አሉኝ መጀመሪያ። ይቺን አሳባቸውን መቼም አልረሳትም። በክርስትና መዝገብ ላይ አያቴ ታላቅ እህት ነበረቻት። በወጣትነቷ ሞታለች። ፊደሎቹ ከስሟ ጋር ይገጥማሉ። "መዝገቡ እርግጥ ነው፤ እሷ ሰፋችው የሚለው ግን የእኔ ግምት ነው" ብለው ለይተው ነገሩኝ። ከዚያ ሁሉ ቀጣፊ በኋላ ይህን መስማት እንዴት ያሳርፋል!

እናቴ ስሟን ደጋግማ ጠራችው። ለካ አያቴ ያንን ብርድ ልብስ ማንንም የማታስነካው፣ ስንጠይቃትም ዝም የምትለው ወዳ አልነበረም።

አሮጌ ብርድ ልብስ ያላችሁ፣ እባካችሁ አትጠቡት። ፌስታል ውስጥም አታቆዩት፣ እኔ ያጠፋሁት ይበቃል። ሙዚየም ጠይቃችሁም ቢሆን እንደ እሳቸው ያለ ባለሙያ ፈልጉ፤ ሳያይ ዕድሜ ከሚቆርጥላችሁ ሰው ሽሹ። እኔስ፣ እመቤቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ። እናቴም እጅ ነስታለች።