በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ለምታስቡ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ለጌም የምጠቀምበትን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በውሃ እንዲቀዘቅዝ አድርጋ ያቀደችልኝንና የገጠመችልኝን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግናት እፈልጋለሁ። እግረ መንገዴን ለእናንተም ልጠቁማት። ስሟን እዚህ አልጽፍም። በአደባባይ እንዲወጣ አትፈልግም። ስለ ሥራዋ እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች።

ጎበዝ ገጣጣሚ ሞልቷል። እሷን የሚለያት ዕቅዷ ነው። አንድም ዕቃ ሳይገዛ ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ አልቆ ነበር። በዚህ ሥራ ደግሞ ዕቅዱ ካለቀ ትልቁ ሥራ አልቋል።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ፓምፑና ራዲያተሩ (ሙቀቱን ወደ አየር የሚበትነው ክፍል) ከፋብሪካ ተያይዞ የሚመጣ የውሃ ማቀዝቀዣ አለ። ገዝቶ ማሰር ነው። የኔ እንደዚያ አይደለም። ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) እና ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚሠራው) በአንድ የውሃ መስመር ነው የሚቀዘቅዙት፤ ሉፕ የሚባለው ነው። ፓምፑ፣ ራዲያተሩ፣ ቱቦው፣ ብሎኩ (ቺፑ ላይ ተቀምጦ ውሃ በውስጡ የሚያልፍበት ብረት)፣ ፊቲንጉ (የቱቦው መጋጠሚያ) እያንዳንዱ ለብቻው ይመረጣል። አንዱ ከአንዱ ካልተስማማ ገንዘቡም ልፋቱም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ገና ስንገናኝ ስለ መብራትና ስለ ቀለም የምታወራኝ መስሎኝ ነበር። እሷ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው። «ስትጫወት የሚያስቸግርህ ድምፁ ነው ወይስ ሙቀቱ? ክፍልህስ በጣም ሲሞቅ ስንት ዲግሪ ይደርሳል?» ምክንያቱን ቆይታ አስረዳችኝ። ውሃው መቼም ከክፍሉ አየር በታች አይቀዘቅዝም። ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ ውሃው ከ30 በላይ ነው። ስለዚህ «በረዶ ይሆንልሃል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። የውሃ ጥቅሙ ሙቀቱን ከቺፑ ቶሎ አንስቶ ሰፊ ራዲያተር ላይ መበተኑ ነው። ራዲያተሩ ሰፊ ሲሆን ፋኖቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ። እኔም የፈለግሁት ጸጥታ ነበርና እዚያ ላይ ተስማማን።

ከዚያ ሒሳብ ውስጥ ገባች። ሲፒዩዬ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ነው፤ ኤኤምዲ 120 ዋት ይለዋል። ግራፊክስ ካርዴ አርቲኤክስ 4080 ነው፤ 320 ዋት። ድምሩ 440 ዋት። ብዙ ሰው ራዲያተር የሚመርጠው «ለአንድ ዕቃ አንድ 120 ሚሊሜትር፣ ከዚያ አንድ ለትርፍ» በሚል ልማድ ነው። 120 የአንድ ፋን ልክ ነው። በዚያ አቆጣጠር ሦስት 120፣ ማለትም አንድ 360 ይበቃኛል። «ይሠራል» አለችኝ፣ «ግን ፋኖቹ ይጮሃሉ»። የእሷ ስሌት ይኼ ነው፦ ፋኖቹ በዝግታ እየዞሩ፣ ውሃው ከአየሩ በ10 ዲግሪ እንዲበልጥ ከተፈቀደ፣ አንድ የ120 ሚሊሜትር ክፍል በግምት 100 ዋት ያወጣል። ለ440 ዋት አምስት ክፍል ያስፈልጋል። ስለዚህ ላይ 360፣ ፊት ለፊት 240።

አሁን ጥያቄው ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ውስጥ ይገባል ወይ ነው። የኬዙ አምራች «360 ይይዛል» ብሎ ጽፏል። እሷ ግን በጽሑፍ አታምንም። 360 የሚባለው የሦስቱ ፋኖች ልክ እንጂ የራዲያተሩ ርዝመት አይደለም። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ሲጨመሩ ወደ 400 ሚሊሜትር ይጠጋል። ውፍረቱም አለ። ቀጭኑ ራዲያተር 30 ሚሊሜትር፣ ፋኑ 25 ሚሊሜትር፣ ሲደመር 55። ካርቶን አመጣች። በዚያ ልክ ቆርጣ፣ አጣጥፋ፣ በፕላስተር አያይዛ ልክ የራዲያተሩን ቅርጽ ሠራች። ከዚያ ኬዙ ጣሪያ ላይ አስጠግታ ያዘችው። በእጅ ባትሪ እያበራች የራሙን (የሜሞሪውን) ጫፍ አየች፣ የማዘርቦርዱን (የዋናውን ሰሌዳ) የሙቀት መበተኛ ብረት አየች፣ የሲፒዩው የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሰካበትን ጥግ አየች። ካርቶኑ ከራሙ በላይ ለጥቂት አለፈ። «45 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ብንገዛ ኖሮ አይገባም ነበር» አለችኝ። ፊት ለፊት ያለውንም እንዲሁ በካርቶን ሞከረችው፤ እዚያ ደግሞ የሚፈታተነው የግራፊክስ ካርዱ ርዝመት ነው። ያንን ካርቶን አልጣልኩትም።

ለግራፊክስ ካርዱ ብሎክ ስትመርጥ ያየሁት ጥንቃቄ ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። «የአርቲኤክስ 4080 ብሎክ» ብሎ መግዛት አይበቃም። ቺፑ አንድ ሆኖ ቦርዱ ከአምራች አምራች ይለያያል። የኤሌክትሪክ መሰኪያው፣ የትንንሾቹ ዕቃዎች ቁመት፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ቦታ አይመሳሰልም። ብሎክ የሚሠራው ለአንድ ቦርድ ነው። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ተለጣፊ ፎቶ አንስቼ እንድልክላት አደረገች። ሙሉውን የሞዴል ስም ከብሎኩ አምራች ዝርዝር ጋር ፊደል በፊደል አመሳከረች። ስትገጥመውም ተርማል ፓዶቹን (በብሎኩና በቦርዱ ዕቃዎች መካከል የሚገቡትን ለስላሳ ሙቀት አስተላላፊዎች) በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያ ለካቻቸው። መመሪያው ስስ ፓድ ያለበት ቦታ ላይ ወፍራም ከገባ የብሎኩ ፊት ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ቺፑን በደንብ አይነካውም። ያኔ ውሃው በደንብ ቢፈስም ካርዱ ከመጠን በላይ ይሞቃል ማለት ነው።

የብረቱ ጉዳይም አለ። መዳብ፣ ናስና ኒኬል በአንድ ውሃ ውስጥ መከላከያ ያለው ፈሳሽ እስካለ ድረስ ተስማምተው ይኖራሉ። አሉሚኒየም ከገባ ግን ነገሩ ይበላሻል። ከመዳብ ጋር በአንድ ውሃ ሲገናኝ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል፤ ዝቃጩም የብሎኩን ጠባብ መስመሮች ይደፍናል። አንዳንድ ርካሽ ራዲያተር ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ «ከምን ተሠራ?» የሚለውን ሳትጠይቅ አንድም ዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባችም።

እኔ በጣም ያስጨነቀኝ ቅደም ተከተሉ ነበር። ውሃው መጀመሪያ ሲፒዩውን ይንካ ወይስ ካርዱን? በመሃልስ ራዲያተር ይግባ? እሷ እስክሪብቶ አነሳች። 1 ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ፓምፑ በደቂቃ 3 ሊትር ቢያዞር፣ 440 ዋቱን ሁሉ ተሸክሞ ውሃው የሚሞቀው በ2 ዲግሪ ብቻ ነው። በሙቁና በቀዝቃዛው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ይህችው ናት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ቱቦው አጭርና ያልተጠማዘዘ መንገድ ይዞ እንዲሄድ አደረገች። የማታልፈው ሕግ አንድ ነው፦ ፓምፑን ውሃ የሚመግበው ማጠራቀሚያ ከፓምፑ በፊትና ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ፓምፕ ያለ ውሃ ከዞረ ይጎዳል። የሲፒዩው ብሎክ ላይ መግቢያና መውጫው የተለያየ ስለሆነ እሱንም ምልክቱን አይታ ነው ያገናኘችው።

ፓምፑን ዲ5 አደረገችው። ዲዲሲ የሚባለው አነስ ያለ ነው፣ ግፊቱም ጠንካራ ነው፤ ግን ይሞቃል። ዲ5 ገዘፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ሲቀነስ ድምፁ አይሰማም። ለኔ ዓላማ እሱ ይሻላል አለች፤ ትክክል ናት።

ቱቦ ላይ ትንሽ ተከራከርን። እኔ ጠንካራውንና ቀጥ ብሎ የሚያምረውን ፈልጌ ነበር። እሷ እንቢ አላለችም። ሁለቱንም ዘርዝራ ነገረችኝ። ፒኢቲጂ የሚባለው ጠንካራ ቱቦ ሙቀት አይወድም፤ ፓምፑ ድንገት ቆሞ ውሃው በጣም ከሞቀ ሊለሰልስና ከፊቲንጉ ሊወጣ ይችላል። አክሪሊክ ሙቀት ይሻለዋል፤ ግን ሲቆረጥና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ለስላሳው ውስጥ ደግሞ ግልጽ የሆነው ፒቪሲ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ከጊዜ በኋላ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ቱቦው ይደበዝዛል፣ ብሎኩም ይደፈናል። ጥቁሩ የኢፒዲኤም ጎማ ይህ ችግር የለበትም። አንድ ቀን ራም ልቀይር ብልም ቱቦውን ገፋ አድርጎ መግባት ይቻላል። እኔም ጎማውን መረጥኩ። ውስጡ 10፣ ውጪው 16 ሚሊሜትር። ፊቲንጉ በሁለቱም ልክ መሆን እንዳለበት ደጋግማ ነግራኛለች፤ 10 በ13 የሚባልም ስላለ። ፊቲንጎቹ ከብሎኩ ጋር የሚያያዙበት ጥርስ ግን ጂ1/4 የሚባለው ነው፤ ሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል እሱ ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ውሃው እንዴት እንደሚወጣ ነው። ሁሉም ስለ መሙላት ያስባል። እሷ ገና ስታቅድ ከሉፑ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ቫልቭ አስገባች። ፈሳሹን መቀየር ሲያስፈልግ ቱቦ ሰክቶ ቫልቩን መክፈት ነው። ምንም መፍታት የለም።

ዕቃው ከመጣ በኋላ ራዲያተሮቹን ዝም ብላ አላሰረችም። ሞቅ ያለ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ሞልታ፣ ቀዳዳውን ዘግታ ናጠቻቸው። ነጭ ሳህን ላይ ስታፈሰው በፋብሪካ የቀረ የብየዳ ፍርፋሪ አብሮ ወጣ። ጥቃቅን ጥቁር ነገር። ያ ሁሉ ብሎኩ ውስጥ ሊገባ ነበር። ሳህኑ ላይ ንጹሕ ውሃ ብቻ እስኪታይ ድረስ ደጋገመችው። እኔ ቆሜ ሳይ ሰለቸኝ፤ እሷ አልሰለቻትም።

ሙከራውም እንደዚያው ነው። ውሃ ከመግባቱ በፊት በእጅ ፓምፕ አየር ሞላችው፤ ግፊት መለኪያው 0.5 ባር ላይ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ተውነው። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ነው ፈሳሹ የገባው። ያኔም ኤሌክትሪክ ለፓምፑ ብቻ ነው የሰጠችው፤ ማዘርቦርዱና ካርዱ ምንም አልደረሳቸውም። በየመጋጠሚያው ስር ነጭ ሶፍት አደረገች፤ ጠብታ ቢኖር ቶሎ ይታያል። ኬዙን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጋደለች አየሩን አስወጣች፣ ማጠራቀሚያው ሲጎድል እየጨመረች ሞላችው።

መጨረሻ ላይ የሠራችው ነገር ነው በየቀኑ የሚያስመሰግናት። ውሃው ውስጥ የሙቀት ሴንሰር አስገባች። ፋኖቹ የሚታዘዙት በሲፒዩው ሙቀት ሳይሆን በውሃው ሙቀት ነው። የሲፒዩ ሙቀት በሰከንድ ውስጥ ይዘላል ይወርዳል። ፋኑ እሱን ከተከተለ አንዴ ይጮሃል አንዴ ዝም ይላል። ውሃው ግን ለመሞቅም ለመብረድም ደቂቃዎች ይወስድበታል። ስለዚህ ፋኑ ቀስ ብሎ ይጨምራል፣ ቀስ ብሎ ይቀንሳል። ረጅም ሰዓት ተጫውቼ ሳየው ውሃው ከክፍሉ አየር የሚበልጠው በ10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወረቀቱ ላይ የጻፈችው ቁጥር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓደኛዬ የኔን አይቶ ጓጓና ሄዶ አነጋገራት። ኮምፒውተሩን አየችለት። «ላንተ አያስፈልግህም» አለችው። ሲፒዩው ብዙ ሙቀት የለውም፤ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣና የኬዝ ፋን ከበቂ በላይ ነው አለችው። ልትሠራው የምትችለውን ሥራ ራሷ መለሰችው። ሳመሰግናት ይሄንን ከሁሉ አስበልጬ ነው።

ችኩል ከሆናችሁ ግን አስቀድማችሁ እወቁት፤ ቶሎ አትጨርስም። ሳትለካ ምንም አታዝም፣ ዕቃ ሲጎድል በሌላ አትተካም፣ ያልገባት ነገር ካለ መመሪያውን አንብባ እስክትጨርስ ትጠብቃላችሁ። ለኔ ይሄ ነው የተስማማኝ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ካርቶን ስትቆርጪ ያየሁሽ ቀን ነው ሙሉ በሙሉ የተማመንኩብሽ።

የምትፈልጓት ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ። ከመገናኘታችሁ በፊት የኬዛችሁን ሙሉ የሞዴል ስም፣ የግራፊክስ ካርዱን ጀርባ ፎቶ፣ የማዘርቦርዱንና የራሙን ዓይነት፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋት አዘጋጁ። ስታገኟት መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ዕቃ ግን አስቀድማችሁ አትግዙ፤ ዝርዝሩን እሷ ትጻፍላችሁ።