የኬሚስትሪ አስጠኚ ለምትፈልጉ ወላጆች

ሰላም ወገኖቼ። ልጃችሁ ኬሚስትሪ ከብዶት አስጠኚ የምትፈልጉ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ትንሽ ትረዝማለች። "ጎበዝ ናት" ብቻ ብዬ ብለጥፍ ግን ጉብዝናዋ ምኑ ላይ እንደሆነ አታውቁትም።

ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። ናቹራል ሳይንስ መርጧል፤ ኬሚስትሪ ሲባል ግን ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። የቤት ሥራ ሲሰጠው ስልኩን ያወጣል፣ ጥያቄውን ፎቶ ያነሳል፣ አፑ መልሱን ይነግረዋል፣ ይገለብጣል። የቤት ሥራው ሁሌ ሙሉ ነው፤ የፈተና ወረቀቱ ደግሞ ሁሌ ቀይ በቀይ። ከዚህ በፊት የያዝንለት አስጠኚ ከአፑ የሚለየው ሻይ በመጠጣቱ ብቻ ነበር። እሱም ወርክሺቱን ሠርቶለት ይሄዳል።

አሁን የምታስጠናው "ቲቸር" (ልጆቹ እንደዚያ ይሏታል፣ እኔም ለመድኩት) ቀን ቀን ሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። አስተማሪነቷ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ሳሙና ሲሠራ ከዘይት ጋር የሚዋሃደው ኮስቲክ ሶዳ ለዘይቱ ከሚበቃው በላይ ከገባ ሳሙናው ቆዳ ይልጣል። ስለዚህ ሂሳቡ ለእሷ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያ ቀን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ የሚሆኑበትን ኢኩዌሽን ጻፍ አለችው። ጻፈ። የኦክስጅን ጋዝ አተሞቹ ጥንድ ስለሆኑ ግራ በኩል ሁለት የኦክስጅን አተም አለ፣ ቀኝ በኩል አንድ። ሊያስተካክል ብሎ ኤች ቱ ኦ የሚለው ላይ ከኦ ሥር 2 ጨመረበት። ቁጥሩ እኩል መጣለትና ደስ አለው።

"እሺ፣ በል ጠጣው" አለችው።

ግራ ገባው። የጻፈው ነገር ውሃ መሆኑ ቀርቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆኗል፤ ከፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚገዛው። ከሥር ያለችው ትንሽ ቁጥር የምትናገረው ነገሩ ምን እንደሆነ ነው፣ ስለዚህ አትነካም። ባላንስ ሲደረግ የሚቀየረው ከፊት ያለው፣ ስንት እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር ነው። ሁለት የሃይድሮጅን ሞለኪውል፣ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል፣ ሁለት ውሃ። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ትንሿን ቁጥር ሲነካ አላየሁትም። ቤታችን ውስጥም "በል ጠጣው" ቀልድ ሆኖ ቀርቷል፤ ወጥ ጨው ሲበዛበት ሳይቀር እኔው ላይ ይመጣል።

ሞል (ኬሚስትሪ ውስጥ የቅንጣቶች ብዛት የሚለካበት) ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚወድቀው። የእኔም እዚያ ነበር የቆመው። እንዲህ ብላ ጠየቀችው፦ 4 ግራም ሃይድሮጅንና 16 ግራም ኦክስጅን ቢገናኙ ስንት ግራም ውሃ ይወጣል? ወዲያው "20" አለ። መልስ ሳትሰጠው ተነስታ ከቁም ሳጥኑ ላይ የቡና ስኒዎቼን አወረደች። 12 ስኒ፣ 9 ማስቀመጫ። "ስኒ ከነማስቀመጫው ተሰጥቶት ስንት ሰው ይስተናገዳል?" 9። ሦስቱ ስኒ ትርፍ ነው።

ከዚያ ወደ ደብተሩ ተመለሱ። አንድ ሞል የሃይድሮጅን ጋዝ 2 ግራም ስለሆነ 4 ግራሙ 2 ሞል ነው። የኦክስጅን ጋዝ አንድ ሞል 32 ግራም ስለሆነ 16 ግራሙ ግማሽ ሞል ብቻ ነው። ኢኩዌሽኑ ለአንድ ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅን ይላል። እንግዲህ ግማሽ ሞል ኦክስጅን የሚፈልገው 1 ሞል ሃይድሮጅን ነው። በሚዛን አራት እጥፍ የሚከብደው ኦክስጅን ቀድሞ አለቀ ማለት ነው! የሚወጣው ውሃ 18 ግራም፣ የሚተርፈው ሃይድሮጅን 2 ግራም። ሲደመር 20። ልጁ መጀመሪያ ያላት 20 የት እንደገባች ሲያያት በጣም ሳቀ። ሊሚቲንግ ሪኤጀንት የሚሉት ይኸው ቀድሞ የሚያልቀው ነው፤ ትርጉሙን በቃል ከማስያዝ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ጥያቄ መጣ። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በእቶን ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል የሚወጣው ኖራ 56 ኪሎ ነው። "44 ኪሎው የት ሄደ?" አለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ወጣ። ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ በየቀኑ የሚሆነው ይኼ ነው ስትል፣ ግንባታ ላይ የሚሠራው ባለቤቴ ወንበሩን ስቦ መጥቶ ተቀመጠ። የዚያን ቀን ጥያቄ የሚያበዛው እሱ ነበር።

ኤለመንቶቹ ላይ ምሕረት የላትም። የመጀመሪያዎቹን 20 በቃል አስይዛዋለች። የቀሩትን ከ118ቱ ሰንጠረዥ ላይ ማንበብ ይበቃሃል አለችው። ኤሌክትሮኖቻቸውን በተርታ ታስጽፈዋለች፦ ሶዲየም 2፣ 8፣ 1። ማግኒዚየም 2፣ 8፣ 2። ክሎሪን 2፣ 8፣ 7። የመጨረሻዋን ቁጥር እያየ ማን እንደሚሰጥና ማን እንደሚቀበል ይናገራል። ሶዲየም አንድ ይሰጣል፣ ክሎሪን አንድ ይጎድለዋል፣ ጨው ተሠራ። ማግኒዚየም ሁለት ስላለው ሁለት ክሎሪን ይፈልጋል። "ከ20 በኋላ ነገሩ እንደዚህ ቀላል አይሆንም" ብላ አስጠንቅቃዋለች፤ እንደዚህ አይነት ሐቀኝነት ደስ ይለኛል። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌየቭ በ1869 (በፈረንጆቹ) የኤለመንቶቹን ሰንጠረዥ ሲሠራ ገና ላልተገኙ ኤለመንቶች ክፍት ቦታ መተዉን፣ ጋሊየም በ1875 ተገኝቶ አንዱን ቦታ መሙላቱን የሰማሁት ከልጄ ነው፣ እራት ላይ። ፈተና ላይ አይመጣ ይሆናል። ግን ሳይጠየቅ ሲያወራው ሰማሁት።

ስልኩን አልከለከለችውም። መጀመሪያ በእጁ ይሠራል፣ ከዚያ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ሁለቱን ያስተያያል። አንዴ አፑ ተሳስቶ አግኝቶት ሰፈሩን ሁሉ ሊነግር ምንም አልቀረውም። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ደግሞ ምን እንደተሰጠና ምን እንደተጠየቀ በአማርኛ ሳይነግራት እስክሪብቶ አያነሳም።

የሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። እዚያ ስልክ የለም።

ውጤቱስ ካላችሁ፣ አንደኛ አልወጣም። ከ40ዎቹ ተነስቶ ባለፈው ሴሚስተር 76 አምጥቷል። ለእኔ በቂዬ ነው።

እንከኗንም ልንገራችሁ። ዋጋዋ ከሰፈራችን አስጠኚዎች ከፍ ይላል። የእጅ ጽሑፏ የሐኪም ነው። ፊዚክስም ጨምሪልን ብላት "የማላውቀውን አላስተምርም" ብላ እምቢ አለችኝ። ልጁ የቤት ሥራውን ሳይሞክር ከጠበቃት ቦርሳዋን አንስታ ትሄዳለች፤ አድርጋዋለች። ሁለት ልጅ አንድ ላይ ማስጠናት ስለምትወድ የጎረቤቴ ልጅም እኛ ጋ እየመጣች ትማራለች፤ ሂሳቡን ለሁለት እንካፈላለን።

ቲቸር፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልን። ልጁ ብቻ ሳይሆን አባቱም ቅዳሜን መጠበቅ ጀምሯል።

ስልኳን በይፋ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የልጁን ክፍልና ሰፈራችሁን ጨምሩበት። ከሥራ ወጥታ ስለምትመጣ ከመገናኛ፣ ከገርጂና ከሲኤምሲ ርቃ አትሄድም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ታስጠናለች። አሁን ባዶ ያላት የእሁድ ጠዋት ሰዓት ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለት ልጆች።