ሁለቴ መንጋጋ ለተቀየረላት ሰው፦ ጅማ ያገኘሁት ፊዚዮ (ፊዚዮቴራፒ) ቤት

ሰላም ናችሁ፣ መንጋጋዬን የት እንደምታከም በውስጥ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ልጅ ሆኜ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቄ አገጬን ተመታሁ፣ ከዛ መንጋጋዬ ቀስ እያለ ተጣብቆ ቀረ፣ ካደግኩ በኋላ ህንድ ሄጄ በሁለቱም በኩል አርቴፊሻል የመንጋጋ መጋጠሚያ ገባልኝ። አራት አመት ሰራ። ከዛ በብረቱ ዙሪያ አጥንት በቅሎ እንደገና ዘጋኝ፣ አፌ የሚከፈተው 11 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ የሻይ ማንኪያ በመከራ ነው የሚገባው (ጤነኛ ሰው 40 ምናምን ይከፍታል)። አምና ወጥቶ ተቀየረ።

ቅያሪ ደሞ እንደ መጀመሪያው አይደለም። የድሮው ብረት ሲቲ ስካኑን ስለሚያበላሸው መጀመሪያ እሱን አውጥተው ዘጉኝ፣ ከዛ ስካን ተነስቼ በልኬ አዲስ እስኪሰራልኝ ሳምንታት ያለ መጋጠሚያ ሾርባ በስትሮ እየሳብኩ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ኦፕራሲዮን አዲሱን ሲያስገቡ አጥንቱ ተመልሶ እንዳይበቅል ከሆዴ ስብ ወስደው ዙሪያውን ጠቀጠቁት፣ ሆዴ ላይ ያለው ጠባሳ ከፊቴ ይበልጣል ብላችሁስ። ግራ ቅንድቤም ሦስት ወር ሙሉ አልነሳም ብሎ ነበር፣ ነርቩ ተነክቶ ነው፣ አሁን ተመልሷል።

ወደ ፊዚዮው ልምጣ። ጅማ እንደተመለስኩ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ አንገቴን አሽተው ብር ተቀብለው ሸኙኝ፣ መንጋጋዬን የነካ የለም። ይሄኛው እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ነው፣ የሚያክመኝ ልጅ ወረፋ በዝቶብኛል ስሜን እንዳትጽፊ ብሎ ስለለመነኝ በውስጥ ጠይቁኝ። ገና ስገባ በማስመሪያ ለካኝ፣ 24። "እህቴ 35 ከደረስሽ ደስ ይለኛል፣ ከዛ በላይ ግን አትጠብቂ" አለኝ፣ እዛው ወደድኩት ምክንያቱም ሁሉም ሰው ትድኛለሽ ብቻ ነው የሚለኝ። ስራው ቀላል ይመስላል፣ የምላስ መጫኛ እንጨቶች ደራርቦ በጥርስሽ መሀል ይከታል፣ በየሳምንቱ አንድ እንጨት ይጨምራል፣ በ14 ጀምረን አሁን 18 ላይ ነን፣ አፌ 31 ደርሷል። ቤትም በቀን አምስቴ መስራት ግዴታ ነው፣ ካልሰራሽ በማስመሪያው ወዲያው ይነቃብሻል።

ህመሙ ጠፋ ወይ ላላችሁኝ፣ አልጠፋም። ከ10 ስምንት የነበረው አራት ሆኗል፣ ሲዘንብ ደሞ (ጅማ መቼ ነው የማይዘንበው) አምስት። የህንዱ ዶክተርም ደጋግሞ የተከፈተ ሰው አፉ ይከፈትለታል እንጂ ህመሙ እንደ መጀመሪያ ታካሚ አይቀልለትም ብሎኝ ነበር። ሌላው፣ ይሄ አርቴፊሻል መጋጠሚያ ይከፍታል ይዘጋል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፣ ስለዚህ ቆሎ የለ ጥሬ ስጋ የለ፣ በርጫ ላይ የኔ ስራ ቡና ማፍላት ብቻ ሆኗል። ግን እንጀራ በወጥ እራሴ እጎርሳለሁ፣ እናቴ መጀመሪያ ቀን ስታየኝ አልቅሳ ወጣች።

ችግሩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ያደክማል፣ አንድ ጊዜ 400 ብር ነው፣ የአስር ቀን ብትከፍሉም ቅናሽ የለም፣ መብራት ሲጠፋ ደሞ የመንጋጋ ማሞቂያው ስለማይሰራ ቀጥታ እንጨት ነው፣ ያን ቀን እንባ አለ። ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰአት መብራቱ አይታመንም።