«ሁለት ሰርቨር ስለሆነ አይቋረጥም» ተብላችሁ እንዳትፈርሙ

ሁለት ሰርቨር፣ አንድ የጋራ ስቶሬጅ፣ አንድ የጋራ አይፒ አድራሻ፣ ከሁሉም በላይ በጉልህ የተጻፈ «99.999 በመቶ» (ከዓመቱ ውስጥ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ የሚሠራበት ድርሻ)። በዚህ መልክ የተዘጋጀ ፕሮፎርማ እጃችሁ ላይ ካለ ፊርማችሁን አቆዩት። ዋጋ ለመቀነስ ተብሎ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ክላስተሩን (አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲረከብ የተጣመሩትን ሰርቨሮች) ክላስተር የሚያደርገው ክፍል ነው። እሱ በሌለበት ሁለት ሰርቨር ከአንድ ሰርቨር ይብሳል፤ ያለው አንድ ሰርቨር ብቻ ሆኖ ቢወድቅ ሥራ ይቆማል፣ ሁለት ሆነው ሳይደማመጡ ሲሠሩ ግን ዳታ ይበላሻል። «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚባለው እዚህ ብዙ አያስኬድም።

የጎደለው ክፍል ፌንሲንግ ይባላል፤ ክላስተሩን በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ በፔስሜከር ላይ ስሙ ስቶኒዝ ነው። አንዱ ኖድ (የክላስተሩ አባል ሰርቨር) ድምፁ ሲጠፋ ሌላው አፕሊኬሽኑን ከመረከቡ በፊት የጠፋውን ኖድ ያጠፋዋል፣ መጥፋቱንም ያረጋግጣል። ይህ ከሌለና በሁለቱ መካከል ያለው ኔትወርክ ከተቋረጠ ሁለቱም በየፊናቸው «ያኛው ሞቷል» ብለው ይደመድማሉ። ሁለቱም የጋራውን አይፒ ይይዛሉ፣ ሁለቱም የጋራውን ዲስክ ማውንት ያደርጋሉ (ሊጽፉበት ይከፍቱታል)፣ ሁለቱም ዳታቤዙን ያስነሳሉ። የተለመዱት የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች፣ ኢኤክስቲ4ም ሆነ ኤክስኤፍኤስ፣ ከሁለት ማሽን በአንድ ጊዜ እንዲጻፍባቸው አልተሠሩም፤ አንዱ የጻፈው ላይ ሌላው ሳያውቅ ይጽፍበታል፣ ፋይል ሲስተሙም ይበላሻል። ዲስኩ የጋራ ሳይሆን በዲአርቢዲ (የአንዱን ሰርቨር ዲስክ በኔትወርክ ወደ ሌላው በሚቀዳ ሶፍትዌር) የሚገለበጥ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም የየራሳቸውን ግብይት ሲመዘግቡ ይቆያሉ፤ መስመሩ ሲመለስ ዲአርቢዲ መለያየታቸውን አይቶ ግንኙነቱን ይዘጋል። ከዚያ ከአንዱ ወገን ዳታ መጣል አለበት፤ የቱ ይጣል የሚለውን የሚወስነው ሻጩ ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

ሻጮች ለምን ይተዉታል? ፔስሜከር በነባሪው ስቶኒዝ እንዲበራ ይጠይቃል፤ የፌንሲንግ መሣሪያ ካልተዋቀረ ምንም አፕሊኬሽን አላስነሳም ይላል። የቸኮለ ጫኚ «ስቶኒዝ-ኢኔብልድ» የሚለውን «ፎልስ» አድርጎ ያጠፋዋል፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይሆናል፣ ርክክቡ ይፈጸማል። ስለዚህ የክላስተሩን ሙሉ ውቅር በጽሑፍ ጠይቁና መጀመሪያ ይህቺን መስመር ፈልጉ። ቀጥላችሁ «ኖ-ኮረም-ፖሊሲ» (አብላጫ ድምፅ ሲጠፋ ምን ይደረግ የሚለው) ፊት ለፊት «ኢግኖር» (ችላ በል) ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ሁለቱ አብረው ካሉ የገዛችሁት ነገር ለስፕሊት ብሬን፣ ማለትም ሁለቱም ኖዶች ባለቤት ነኝ ብለው በአንድ ጊዜ ለሚሠሩበት አደጋ፣ ክፍት ነው።

ስትጠይቋቸው የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፦ «ኔትወርኩ ድርብ ስለሆነ አይቆረጥም።» ኬብል ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነት ነበራቸው። አንድ ሰርቨር ግን በዲስክ ወይም በከርነል ችግር ለጥቂት ጊዜ ደርቆ መልሶ ሊነቃ ይችላል። በደረቀበት ጊዜ ጓደኛው ሥራውን ተረክቧል፤ የነቃው ግን ይህን ስለማያውቅ ካቆመበት መጻፉን ይቀጥላል። ይህን ድርብ ኔትወርክ አያስቆመውም።

ፌንሲንግ አለ ከተባለም በምን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ አይፒኤምአይ (ሰርቨሩን ከርቀት ለማጥፋትና ለማብራት በውስጡ ያለ መቆጣጠሪያ) ነው፤ ይህ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ኃይል ይጋራል። ሰርቨሩ ኃይል ሙሉ በሙሉ ሲያጣ አይፒኤምአዩም አብሮ ይሞታል፣ የፌንሲንግ ትዕዛዙ መልስ አያገኝም፣ ክላስተሩም መጥፋቱን ማረጋገጥ ስላልቻለ አፕሊኬሽኑን ሳያስነሳ ይጠብቃል። መፍትሔው ያኛው ሳይሳካ ሲቀር የሚሞከር ሁለተኛ የፌንሲንግ መንገድ መጨመር ነው፦ በኔትወርክ የሚታዘዝ የኃይል ማከፋፈያ። ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው ሁለቱም ሶኬቶች አብረው እንዲጠፉ መዋቀር አለበት፤ አንዱ ብቻ ከጠፋ ሰርቨሩ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለት ኖዶች እኩል እንዳይጠፋፉም በአንደኛው ላይ ጥቂት ሰከንድ መዘግየት ይደረጋል።

የሁለት ኖድ ክላስተር አብላጫ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን፣ የኖዶቹን ግንኙነት በሚይዘው ሶፍትዌር በኮሮሲንክ ላይ ኪውዲቫይስ የሚባለው፣ ከሁለቱም ውጭ ይቀመጥ። አንዱ ሰርቨር ላይ ቨርቹዋል ማሽን አድርገው ከጫኑት ምንም አልተሠራም።

ሌላው ማታለያ የርክክብ ዕለት የሚታየው ማሳያ ነው። ጫኚው አንዱን ኖድ በትዕዛዝ «ስታንድባይ» (ተጠባባቂ) ያደርገዋል፣ አፕሊኬሽኑ በሰላም ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ይህ የሚያሳየው ማቆምና ማስነሳት እንደሚሠራ ብቻ ነው፤ ብልሽት ግን ፈቃድ ጠይቆ አይመጣም። እናንተ እነዚህን አስደርጉ፦ የአንዱን ሰርቨር ሁለቱንም የኃይል ኬብሎች ንቀሉ። ሌላ ጊዜ የክላስተሩን ኔትወርክ ኬብል ብቻ ንቀሉና ከሁለቱ አንዱ መጥፋቱን፣ አፕሊኬሽኑም በአንዱ ላይ ብቻ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ የዳታቤዙን ፕሮሰስ በኪል 9 (በግድ በሚያጠፋው ትዕዛዝ) ግደሉት። በመጨረሻ በስቶፕ ሲግናል አድርቁት፤ ፕሮሰሱ ዝርዝር ውስጥ ይታያል፣ መልስ ግን አይሰጥም። ብዙ ውቅር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ ክትትሉ ነው። ፔስሜከር ላይ ለአንድ ሪሶርስ (ክላስተሩ ለሚያስተዳድረው እንደ ዳታቤዝ ያለ ነገር) የሞኒተር ኦፕሬሽን (የክትትል ሥራ) ካልተጻፈ፣ አንዴ ከተነሳ በኋላ በየጊዜው እየተመለሰ አያየውም። በሲስተምዲ (ሊኑክስ ሰርቪሶችን በሚያስነሳበት ሥርዓት) በኩል ብቻ ከተያዘም የሚታየው ሰርቪሱ «አክቲቭ» መሆኑ ነው፤ ደንበኛ ገጹን መክፈት አቅቶት እያለ ክላስተሩ ደህና ነው ይላል። የሚፈለገው አፕሊኬሽኑን በእውነት የሚጠይቅ ኤጀንት ነው፤ ለዳታቤዝ ኩዌሪ የሚልክ፣ ለዌብ ገጽ የሚከፍት።

የማቆሚያ ጊዜም ይታይ። በውቅሩ ካልተቀየረ ፔስሜከር ለአንድ ኦፕሬሽን የሚሰጠው 20 ሰከንድ ነው። ለመዘጋት 90 ሰከንድ የሚፈጅ ዳታቤዝ በዚህ ጊዜ ስለማይቆም «ማቆም አልተሳካም» ተብሎ ይመዘገባል። ፌንሲንግ ካለ ኖዱ ይጠፋል፤ ከሌለ ሪሶርሱ ታግዶ ባለበት ይቀራል፣ ወደ ሌላው አይሄድም። ፌይልኦቨር (ሥራው ወደ ሌላው ኖድ መሻገሩ) አልሠራ ያላቸው ብዙዎች ችግሩን ኔትወርክ ላይ ሲፈልጉ ይውላሉ።

አንድ ቀላል ስህተት ደግሞ አለ፦ ዳታቤዙ በሲስተምዲ «ኢኔብል» ተደርጎ (ሰርቨሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ) መተው። የወደቀው ሰርቨር ሲነሳ ዳታቤዙን ራሱ ያስነሳዋል። ፔስሜከር በሁለት ቦታ ሲሠራ ያገኘዋል፤ ነባሪ ምላሹም ሁለቱንም አቁሞ አንዱን እንደገና ማስነሳት ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ መዳኑ ራሱ ሥራ ያቋርጣል። ክላስተሩ የሚያስተዳድረው ነገር ሁሉ ሁለቱም ኖዶች ላይ «ዲሴብል» ይሁን። ፋይል ሲስተሙ፣ ዳታቤዙ፣ አይፒውና አፕሊኬሽኑም በአንድ ግሩፕ ውስጥ በቅደም ተከተል ይግቡ፤ ካልሆነ አይፒው አንዱ ጋ፣ ዳታቤዙ ሌላው ጋ ሊያድር ይችላል።

ኩበርኔቲስ (በኮንቴይነር የተጫኑ አፕሊኬሽኖችን የሚያስተዳድር ሌላ ሶፍትዌር) ነው ብለው ከሸጡላችሁም ጥያቄው አይቀርም። ሁለት አባላት ብቻ ያሉት ኢቲሲዲ (ኩበርኔቲስ መረጃውን የሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ) አንዱ ሲወድቅ መቀጠል አይችልም፤ ቢያንስ 3 ያስፈልጋል። አንድ ኖድ ሲጠፋ ፖዱ (አፕሊኬሽኑ የሚሠራበት ክፍል) ወደ ሌላ ኖድ ለመዛወር፣ ኖዱ መጥፋቱ እስኪታወቅ ካለው ጊዜ በላይ በነባሪው 300 ሰከንድ ይጠበቃል፤ ሬፕሊካው (የፖዱ ቅጂ ብዛት) 1 ከሆነ ያ ሁሉ መቋረጥ ነው። ፖዱ የስቴትፉልሴት (የየራሳቸው ቋሚ ስም ያላቸው ፖዶች ስብስብ) አባል ከሆነ ኖዱ በእርግጥ መጥፋቱ እስኪረጋገጥ ምትኩ ላይነሳ ይችላል።

ስለ መቶኛው፦ 99.9 በመቶ በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ መቋረጥ ይፈቅዳል፣ 99.99 ወደ 53 ደቂቃ፣ 99.999 ደግሞ 5 ደቂቃ ከሩብ ገደማ። ውሉ ላይ ይህ ቁጥር የሚለካው በሃርድዌሩ ነው ወይስ በአፕሊኬሽኑ? የታቀደ ጥገና ይቆጠራል? ስቶሬጁ ባለ አንድ ኮንትሮለር፣ ስዊቹም አንድ ከሆነ ሁለቱ ሰርቨሮች የሚወድቁት አብረው ስለሆነ ቁጥሩ ጌጥ ነው። አቅምም ይታይ፦ ሁለቱም ኖዶች ሜሞሪያቸውን 70 በመቶ ከሞሉ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሸከምም።

ሬፕሊኬሽን (ዳታን ወዲያው ወደ ሌላ ሰርቨር መገልበጥ) እንደ ባክአፕ ተቆጥሮ ከተሸጠላችሁ አትቀበሉ፤ በስህተት የተሰረዘ ቴብል እዚያም ወዲያው ይሰረዛል።

ውሉ ላይ የመጨረሻው ክፍያ ከላይ ካሉት ሙከራዎች በኋላ እንዲከፈል አስጽፉ። የሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ)፣ የሃክላስተር (የክላስተሩ አስተዳዳሪ) ተጠቃሚና የፌንሲንግ መሣሪያዎቹ የይለፍ ቃል፣ ሙሉ ውቅሩ ጭምር፣ ለእናንተ ይሰጥ። ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ስቶኒዝን በሥራ ሰዓት ዝም ብላችሁ አታብሩት። መጀመሪያ ክላስተሩን «ሜይንቴናንስ-ሞድ» (ሪሶርሶቹን የማይነካበት የጥገና ሁኔታ) ውስጥ አስገቡ፣ የፌንሲንግ መሣሪያዎቹን አዋቅሩ፣ ከዚያ «ስቶኒዝ-ኢኔብልድ»ን «ትሩ» አድርጉ። ሥራ በሌለበት ሰዓት እያንዳንዱን ኖድ ከሌላው ሆናችሁ በትዕዛዝ አጥፉት፤ ሁለቱም ጠፍተው መነሳታቸውን በዓይናችሁ ካላያችሁ ከሜይንቴናንስ አታውጡት።